መምህር ለመሆን የሚገባው ዕዳና የሚገኘው ደመወዝ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ምድር ገበያ ወጥቶ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ፣ ጫንቃውን ሳይዳስስ፣ አረማመዱንም ሳይመለከት የገንዘቡን ቋጠሮ አይፈታም። በግ የሚገዛውም ቢሆን ላቱን ሳይጨብጥ ዋጋ አይጠራም። አራት ዓመት የሚፈጀውንና ዕዳ የሚያስከትለውን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ግን ብዙዎቻችን «ሁሉም እንደሚሆነው እንሆናለን» ብለን ሳንመዝነው እንገባበታለን። ወላጆቻችንም የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በነጻ የሚሰጥ ይመስላቸዋል። ልጃቸው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ የሚቆረጠውን ገንዘብ በሰሙ ጊዜ «ይህማ ዕዳ ከሜዳ ነው» ይላሉ። ነገር ግን ዕዳው ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ተማሪው ራሱ ፈርሞ የተቀበለው ነው።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ በመምህርነት ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የሚፈልግ ተማሪ ምን ያህል ዕዳ እንደሚገባ፣ ዕዳውን በምን መንገድ እንደሚከፍል፣ ምን ያህል ደመወዝ እንደሚያገኝ፣ ሁለቱም በሚዛን ሲቀመጡ የትኛው እንደሚከብድ ለክፍል ጓደኞቼና ለወላጆች በተቻለ መጠን በግልጽ ማስረዳት ነው።

፩. የትምህርት ዋጋ በቀድሞ ዘመን

በሀገራችን ትምህርት ያለ ዋጋ የተገኘበት ዘመን የለም፤ የተለወጠው የአከፋፈሉ ዐይነት ብቻ ነው። የቆሎ ተማሪ ከየኔታ ዘንድ ዜማና ቅኔ ሲማር ገንዘብ አይከፍልም፤ ነገር ግን እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ታናናሾቹን ያስቀጽላል። እንግዲህ የሚከፍለው በጉልበቱና በአገልግሎቱ ነው ማለት ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የተማሪዎቹን ወጪ የቻለው መንግሥት ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያገለግሉ ተደረገ። ከእነርሱም አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር። ይህም አገልግሎት ሕዝቡ ለትምህርታቸው ላወጣው ገንዘብ እንደ ውለታ መመለሻ ይቈጠር ነበር።

የመምህር ደመወዝ ነገርም እንዲሁ የቈየ ጥያቄ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ካነሧቸው ጉዳዮች አንዱ የደመወዝ ጉዳይ እንደ ነበረ በታሪክ ተማርን። ስለዚህ ዛሬ «መምህርነት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?» ብለን ስንጠይቅ የጀመርነው አዲስ ክርክር አይደለም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መንግሥት የትምህርትን ወጪ እስከ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ እንደሚሸፍን፣ ከዚያ በላይ ላለው ግን ተማሪው የወጪው ተካፋይ እንደሚሆን አመለከተ። ይህም ሐሳብ በደንብ ቁጥር 91 ተደንግጎ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። የሕግ ስሙ «ወጪ መጋራት» ሲሆን በተማሪዎች አንደበት ግን «ኮስት ሼሪንግ» እየተባለ ይጠራል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይህ ሥርዓት ቀድሞ የቆመ ስለ ነበር፣ ከአካባቢያችን ወደዚያ የገቡት ተማሪዎች ሁሉ በውሉ ላይ ፈርመው የገቡ ናቸው።

፪. ዕዳው ምንና ምን ነው?

ተማሪው የሚጋራው ወጪ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የማስተማሪያው ወጪ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ተማሪው ከመቶ 15 እጁን ሲሸፍን የቀረውን 85 እጅ መንግሥት ይችላል። ሁለተኛው የምግብና የመኝታ ወጪ ነው፤ ይህ ግን ሙሉ በሙሉ የተማሪው ነው።

ብዙ ተማሪ ከባዱ ዕዳ የመምህራኑና የመጻሕፍቱ ወጪ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ይህን በምሳሌ እንየው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ 100 ብር ቢታሰብና በዓመት 300 ቀን በግቢው ቢመገብ 30,000 ብር ይሆናል። ለመኝታውና ለማስተማሪያው ድርሻ በዓመት 5,000 ብር እንጨምርበት። ድምሩ በዓመት 35,000፣ በአራት ዓመት 140,000 ብር ነው። (ትክክለኛው ቁጥር በየዩኒቨርሲቲውና በየትምህርት ክፍሉ ስለሚለያይ፣ ይህ ለስሌት የወሰድሁት ምሳሌ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።) ከ140,000 ብሩ 120,000 ብር የምግብ ነው። ስለዚህ የዕዳው አብዛኛው ክፍል የተበላው እንጀራ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ቤተ ሰቡ ወይም ዘመዱ ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ የሆነ ተማሪ ከቤቱ እየተመላለሰ ቢማር ዕዳው በእጅጉ ይቀላል። ሁለተኛ፣ ምግብ የትም ቢሆን የማይቀር ወጪ ነው፤ ተማሪ ባይሆንም ሰው ይበላል። ስለዚህ ዕዳው ሁሉ «የትምህርት ዋጋ» ተብሎ ሊቈጠር አይገባም። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

፫. አከፋፈሉ

ዕዳውን ለመክፈል ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው አስቀድሞ መክፈል ነው። የዓመቱን ድርሻ በዓመቱ መጀመሪያ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ተማሪ ከመቶ 5 ይቀነስለታል። በምሳሌያችን መሠረት ከ35,000 ብር ላይ 1,750 ብር ይተርፈዋል ማለት ነው። ነገር ግን ይህን ለማትረፍ ሲሉ እናት በጎችን መሸጥ ለመንዝ ገበሬ አያዋጣም። አንዲት እናት በግ በዓመት አንድ ግልገል ብታሳድግ ትርፏ ከመቶ 5 እጅግ ይበልጣልና። እንዲህ ያለውን ነው አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት። ተኝቶ የተቀመጠ ገንዘብ ያለው ወላጅ ግን ቢከፍል መልካም ነው።

ሁለተኛው ከተመረቁ በኋላ ከደመወዝ መክፈል ነው። ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ 10 እየተቈረጠ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ ይከፈላል። ይህ ዐይነቱ አከፋፈል በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። አውስትራልያ ተመራቂዎች እንደ ገቢያቸው መጠን የሚከፍሉበትን ሥርዓት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1989 ጀምራለች፤ ጎረቤታችን ኬንያም በ1995 ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያበድር ቦርድ በሕግ አቋቁማለች። የዚህ ሥርዓት ደግ ጎኑ፣ ገቢ የሌለው ሰው እስኪያገኝ ድረስ ከእጁ የሚቈረጥ ነገር አለመኖሩ ነው።

ሦስተኛው መንገድ በተለይ ለመምህርነት የሚሰለጥኑትን የሚመለከት ነው። ደንቡ መምህርነትንና መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የመረጣቸውን ሌሎች ሙያዎች የያዙ ተመራቂዎች ዕዳቸውን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፍሉበትን በር ከፍቷል። እንግዲህ የቆሎ ተማሪው ለየኔታ እንጨት የለቀመበት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም በ1957 ዓ.ም. ገጠር የወረደበት ሐሳብ በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው በውሉ ላይ የተጻፈውን የአገልግሎት ዘመን መፈጸምና ለመፈጸሙም ማስረጃ መያዝ ይኖርበታል። ማስረጃ የሌለው አገልግሎት ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት በሚኬድበት ቀን ችግር ያመጣል።

፬. ደመወዙ

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ አዲስ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ደርሷል። መምህራን የራሳቸው የደረጃ እድገት መሰላል ያላቸው ቢሆንም፣ ለስሌታችን መነሻ 11,500 ብርን እንውሰድ።

ይህ ገንዘብ ግን በሙሉ ኪስ አይገባም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከ11,500 ብር ላይ የሚቈረጠው ግብር እንዲህ ይሰላል፦ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ቀጣዩ 2,000 ከመቶ 15፣ ማለት 300 ብር፤ ቀጣዩ 3,000 ከመቶ 20፣ ማለት 600 ብር፤ ቀጣዩ 3,000 ከመቶ 25፣ ማለት 750 ብር፤ የቀረው 1,500 ከመቶ 30፣ ማለት 450 ብር ይቈረጥበታል። ድምሩ 2,100 ብር ነው። ለጡረታ ከመቶ 7፣ ማለት 805 ብር ይቀነሳል። የሚተርፈው 8,595 ብር ነው።

ተመራቂው ዕዳውን በገንዘብ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ ከመቶ 10፣ ማለት 1,150 ብር ይቀነስና 7,445 ብር ይቀረዋል። በዚህ አኳኋን በዓመት 13,800 ብር ስለሚከፍል 140,000 ብሩን ለመጨረስ ዐሥር ዓመት ከጥቂት ወር ይፈጅበታል። በሃያ ሁለት ዓመቱ የተመረቀ ሰው ዕዳውን የሚጨርሰው በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው ማለት ነው። በአገልግሎት የሚከፍል መምህር ግን፣ የአገልግሎት ዘመኑ ከተማረበት አራት ዓመት ጋር እኩል ቢሆን፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ ነጻ ይወጣል። 140,000 ብር ለአራት ዓመት ሲካፈል በወር 2,900 ብር ገደማ ስለ ሆነ፣ በእነዚያ አራት ዓመታት መምህሩ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ የማይታይ ተጨማሪ ገቢ አገኘ ብንል አልተሳሳትንም።

፭. በሚዛን ሲቀመጥ

በእኔ ቤት ይህ ጉዳይ የወሬ ጉዳይ አይደለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ምርጫዬም መምህርነት ነው። አባቴ ግን «አራት ዓመት ከምትቀመጥና ዕዳ ከምትሸከም፣ ዛሬውኑ ሥራ ብትይዝ አይሻልም ወይ? ታናናሾችህስ?» ይለኛል። ጥያቄው የሚናቅ ስላልሆነ ወረቀትና እርሳስ ይዤ አሰላሁት።

አንድ ተማሪ አሥራ ሁለተኛን እንደ ጨረሰ በ6,000 ብር ደመወዝ ተቀጠረ እንበል። ግብር 700፣ ጡረታ 420 ብር ሲቀነስ በወር 4,880 ብር ይተርፈዋል። በአራት ዓመት ውስጥ 234,240 ብር ይሆናል። ለምግቡ እንደ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ 120,000 ብር ቢያወጣ 114,240 ብር በእጁ ይቀራል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በዚያው ጊዜ በእጁ ምንም የለውም፤ የ140,000 ብር ዕዳም አለበት።

ከምርቃት በኋላ ግን ሚዛኑ መዞር ይጀምራል። የመምህሩ የተጣራ ደመወዝ ከሠራተኛው በወር በ3,715 ብር፣ በዓመት በ44,580 ብር ይበልጣል። መምህሩ ዕዳውን በአገልግሎት የሚከፍል ከሆነ 114,240 ብሩን ደርሶ የሚያልፈው በሁለት ዓመት ከሰባት ወር ገደማ ነው። ዕዳውን በገንዘብ የሚከፍል ከሆነ ግን ልዩነቱ 254,240 ብር ስለ ሆነ ለመድረስ አምስት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ይወስድበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ሁሉ ትርፍ ነው። የመምህርም ደረጃ ከጀማሪ ተነሥቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህርና ከፍተኛ መሪ መምህር እየተባለ ስለሚወጣ ደመወዙ በመነሻው ላይ ቆሞ አይቀርም።

አባቶቻችን የጓሳን ሣር ለዓመታት ዘግተው፣ ከብት ሳይገባበት፣ ማጭድ ሳይነካው አቈይተው፣ በጊዜው ሲከፍቱት ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን የጐለመሰ ሣር ያገኙ ነበር። የትምህርት ነገርም ይህንኑ ይመስላል፤ የተዘጋበት ዘመን ኪሣራ መስሎ ይታያል እንጂ ሲከፈት ይክሳል።

፮. ሚዛኑን የሚያዛቡ ነገሮች

ስሌቱ መልካም ቢመስልም፣ በወረቀት ላይ የማይገቡ ነገሮች ስላሉ እነርሱንም መናገር ተገቢ ነው።

አንደኛ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባት ራሱ ጠባብ በር ሆኗል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ከግማሽ በላይ ያመጡት የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከመቶ 3.3፣ የ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ የ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፣ የ2017 ዓ.ም. ከመቶ 8.4 ብቻ ነበሩ። በክልላችንም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጆች የትምህርት ዘመናቸውን አጥተዋል። ስለዚህ ዕዳውን ከመፍራት በፊት ፈተናውን ማሰብ ይቀድማል።

ሁለተኛ፣ ዲግሪ ያለው ሁሉ በማግሥቱ አይቀጠርም፤ ወረዳው በጀት ሊኖረው ይገባል። ተመራቂው አንድ ዓመት ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ፣ በ6,000 ብር የተቀጠረው ጓደኛው በዚያ ዓመት 58,560 ብር የተጣራ ደመወዝ ያገኛል፤ ተመራቂውም እርሱን ለመድረስ አንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ ይጨመርበታል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪም ቢሆን የ6,000 ብሩን ሥራ በቀላሉ ስለማያገኝ ይህ ችግር የሁለቱም መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሦስተኛ፣ የገንዘብ ዋጋ አይቆምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ዕዳው በብር ተጽፎ የሚቀመጥ ስለ ሆነ ብር ሲረክስ ዕዳውም ይቀላል፤ ነገር ግን ደመወዙም በብር ስለ ሆነ አብሮ ይቀላል። ዘይትና ስኳር፣ የቤት ኪራይና ጫማ የመምህሩን ደረጃ እድገት አይጠብቁም።

አራተኛ፣ በውሉ ላይ የማይጻፉ ወጪዎች አሉ። ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ለተመደበ ልጅ የመኪና ክፍያው፣ ልብሱ፣ ደብተሩና የኪስ ገንዘቡ የሚወጣው ከወላጅ እጅ ነው። ወላጅ «መንግሥት ይችልልኛል» ብሎ ባዶ እጁን ቢሰደው ልጁ በመንገድ ይቸገራል።

፯. ምክር

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው የምንረዳው፣ መምህርነትን ወዶ ለሚገባና በሙያው ለሚቈይ ሰው ትምህርቱ እንደሚያዋጣው ነው። ዕዳውን የሚያቀልለትም ራሱ ሙያው ነው። ነገር ግን «ሌላ ስላጣሁ ለጊዜው መምህር ልሁን» ብሎ የሚገባና ከአንድ ዓመት በኋላ ትቶ የሚሄድ ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ የአገልግሎቱ ጥቅም ይቀርበታል፣ ተማሪዎቹም በእርሱ ይከስራሉ።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ በዩኒቨርሲቲ በር ላይ የሚሰጣችሁን ውል አንብባችሁ ፈርሙ፤ አንዱን ቅጂ ከዓመት ዓመት አስቀምጡ፤ በየዓመቱ የተጻፈባችሁን ብር ደምሩ፤ በአገልግሎት ለመክፈል ከፈለጋችሁ ይህ በውሉ ላይ መጻፉን ተመልከቱ፤ ካገለገላችሁም በኋላ ማስረጃውን ሳትይዙ ከመሥሪያ ቤታችሁ አትልቀቁ። ወላጆችም ልጃችሁ ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት በየዓመቱ ጠይቁት፤ ለጥቂት ቅናሽ ብላችሁም የዘር በጋችሁን አትሽጡ።

እኔ ለአባቴ ስሌቱን አሳይቼው «እንግዲያውስ መጀመሪያ ፈተናውን እለፍ» ብሎኛል። ፍርዱ ትክክል ነው። በቆላና በደጋ ያሉት የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ የሚሆናቸው ሰው ከሌላ አገር ብቻ እየጠበቁ ሊኖሩ አይችሉም፤ ከእኛ መካከልም ዋጋውን አስልቶ፣ ዕዳውን አውቆ፣ ወዶ የሚገባበት ሰው ያስፈልጋል። ለዚህም እግዚአብሔር ይርዳን።